በጦር አውሮፕላን የተነሣ አገር

የጦር አቪዬሽን ቤተ መዘክር ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው በሰፊ አዳራሽ ውስጥ የተሰለፉትን አውሮፕላኖች ነው። ይሁን እንጂ የእንዲህ ዓይነቱ ተቋም ዋና ሀብት ጎብኚ በማይደርስበት ክፍል፣ በመደርደሪያና በሳጥን የሚቀመጠው ወረቀትና ፎቶግራፍ ነው። አንድ አውሮፕላን በምን እንደ ተሠራ ብረቱና ሸራው ይናገራል፤ ማን እንዳበረረው፣ የት እንደ ሄደ፣ ምን እንደ ጣለና ከላይ ምን እንዳየ ግን የሚታወቀው መዝገቡ ሲገኝ ብቻ ነው። ከጉና ተራራ ተነሥቶ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርደው የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ አገርም ያለፈው መቶ ዓመት ታሪኩ በከፊል የተቀመጠው እንዲህ ባለ መዝገብ ውስጥ በመሆኑ፣ የማኅደሩን አሠራር ማወቅ ለአካባቢው ሰው ሩቅ ጉዳይ አይደለም።

ኢትዮጵያ የመጀመሪያዋን አውሮፕላን በነሐሴ 1921 ዓ.ም. ተቀበለች፤ በፈረንሳዊ አብራሪ ወደ አዲስ አበባ የመጣች ፖቴዝ 25 ነበረች። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር በመሆን አዲስ አበባ ውስጥ አንዲት አነስተኛ ባለ ድርብ ክንፍ፣ ማለትም አንዱ ክንፍ ከሌላው በላይ የተቀመጠባት፣ አውሮፕላን ሠራ፤ እርስዋም በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ስም «ፀሐይ» ተብላ በ1928 ዓ.ም. በረረች። ሰባት ሲሊንደርና 115 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተሯ ከቼኮዝሎቫኪያው የዋልተር ፋብሪካ የመጣ ስለ ነበር ሙሉ በሙሉ የአገር ውስጥ ሥራ ናት ማለት አይቻልም፤ ቢሆንም አዲስ አበባ ውስጥ ተገጣጥማ መብረሯ በራሱ ለዘመኑ ትልቅ ነገር ነበር። ጣሊያን አዲስ አበባን ሲይዝ አውሮፕላኗ ተወሰደች፤ ከዚያም በሮም አቅራቢያ በብራቻኖ ሐይቅ ዳር፣ ቪኛ ዲ ቫሌ በተባለው ቦታ በ1969 ዓ.ም. በተከፈተው የጣሊያን አየር ኃይል ታሪካዊ ቤተ መዘክር ለረጅም ጊዜ ተቀምጣ፣ ጥር 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመለሰች።

ይህን የመሰለች አሮጌ አውሮፕላን ጠብቆ ማቆየት ከሚታየው በላይ አድካሚ ሥራ ነው። በዚያ ዘመን ክንፍ የሚሠራው በእንጨት አጥንት ላይ በተወጠረ ሸራ ሲሆን፣ ሸራው «ዶፕ» የተባለ፣ ሲደርቅ የሚያጠብቀውና ውኃ እንዳያሰርግ የሚከላከል ፈሳሽ ይቀባ ነበር፤ አየሩ ሲደርቅ እንጨቱ ይኮማተራል፣ እርጥበት ሲበዛ ሙጫው ይለቃል፣ ብርሃን ሲበረታ ሸራው ይሰባበራል። ስለዚህ ባለሙያው በየዕለቱ ሙቀትንና እርጥበትን ይለካል፣ መስኮት ይጋርዳል፣ ትልና አይጥ ይከታተላል። ያልተጠበቀ አደጋም አለ፤ በሌሊት እንዲታዩ ራዲየም በተባለ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር የተቀቡ የአሮጌ አውሮፕላን መቆጣጠሪያ ሰዓቶች ዛሬም ጨረር ስለሚለቁ ያለ ጥንቃቄ አይነኩም። ከናይትሬት የተሠራ የቀድሞ ፊልም በቀላሉ ስለሚቀጣጠል ከሌላው ተለይቶ ይቀመጣል፤ ከአሴቴት የተሠራው ደግሞ መበላሸት ሲጀምር የሆምጣጤ ሽታ ስለሚያወጣ ባለሙያው ሳጥን ሲከፍት መጀመሪያ የሚያሸተው እርሱን ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚቀድመው ግን መዝገብ ነው። ወደ ቤተ መዘክሩ የገባ እያንዳንዱ ዕቃ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ከማን፣ መቼ፣ በምን ሁኔታ እንደ ተገኘ ይጻፍለታል። በቤተ ክርስቲያን ገበዙ ንዋየ ቅድሳቱንና የብራና መጻሕፍቱን በመዝገብ ተረክቦ በመዝገብ እንደሚያስረክብ ሁሉ፣ የማኅደር ሠራተኛም ከመደርደሪያ የወጣው ነገር ወደ መደርደሪያው እስኪመለስ ድረስ ተጠያቂ ነው፤ የድጓ ማስመስከሪያ በሆነችው የጋይንት ቤተልሔም አካባቢ ላደገ ሰው ይህ አዲስ ሐሳብ አይሆንበትም። በአቪዬሽን ማኅደር በተለይ የሚፈለገው የበረራ መዝገብ ነው፤ አንዱ የአብራሪው፣ ሌላው የአውሮፕላኑ፣ ሦስተኛው የሞተሩ ሲሆን፣ ሦስቱ ጎን ለጎን ሲነበቡ አንዱ የደበቀውን ሌላው ያወጣዋል።

የመዝገብ ኃይል ምን ያህል እንደ ሆነ የመርዝ ጋዝ ጉዳይ ያሳያል። የጣሊያን አየር ኃይል በ1928 ዓ.ም. ጦርነት «ሲ 500 ቲ» የተባለና ወደ 212 ኪሎ ግራም የሰናፍጭ ጋዝ የሚይዝ ቦምብ በኢትዮጵያ ወታደርና ሕዝብ ላይ ይጥል እንደ ነበር ተጎጂዎቹም ሐኪሞቹም ያኔውኑ ቢመሰክሩም፣ በጣሊያን ለአሥርተ ዓመታት ሲካድ ኖሯል። ነገሩን የፈታው የወራሪው የራሱ ወረቀት ነው። የታሪክ ጸሐፊው አንጄሎ ዴል ቦካና ሌሎች ተመራማሪዎች በየማኅደሩ ያገኟቸው የፈቃድ ቴሌግራሞችና የጦር ሰነዶች ክርክሩን ስላጠበቡት፣ የጣሊያን መከላከያ ሚኒስትር በ1988 ዓ.ም. በፓርላማ ድርጊቱን አመነ። የበረራ ሪፖርት የጻፈው ሹም ለአለቃው ሒሳብ ማወራረዱ እንጂ ለታሪክ ምስክር መሆኑ አልታየውም ነበር፤ የማኅደር ሰነድ ተአማኒነትም ብዙ ጊዜ ከዚሁ ይመነጫል።

ለገጠሩ አገር ከሁሉ የሚቀርበው ሀብት ግን የአየር ፎቶግራፍ ነው። ወራሪው ጦር በቂ ካርታ ስላልነበረው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ድረስ የኢትዮጵያን ምድር ከአውሮፕላን ሲያነሣ ቆይቶ፣ ውጤቱ በኢትዮጵያ ካርታ ሥራዎች ድርጅት ምድር ቤት ለረጅም ጊዜ ተረስቶ ተቀመጠ። ተመራማሪዎች ሲያገኙት 8,281 ጠንካራ ካርቶኖች ሆነው ተቆጠሩ። እያንዳንዱ ካርቶን ወደ 50 በ20 ሴንቲ ሜትር ሲሆን፣ መለያ ጽሑፍና በአንድ ቅጽበት የተነሡ አራት ፎቶግራፎች ተለጥፈውበታል፤ አንዱ ቀጥታ ወደ ታች፣ ሁለቱ ትንሽ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያዘነበሉ፣ አራተኛው ደግሞ ወደ አድማሱ የሚያይ ነው። ተከታታይ ፎቶግራፎች በ60 በመቶ ገደማ ስለሚደራረቡ፣ አንዱን ቦታ ከሁለት አቅጣጫ የሚያሳዩትን ጥንዶች ስቴሪዮስኮፕ በተባለ ባለ ሁለት መነጽር መሣሪያ የሚያይ ሰው ገደሉ ሲጎደጉድ፣ አምባው ሲነሣ ያያል፤ ዛሬ ፎቶዎቹ በስካነር ከተገለበጡ በኋላ ኮምፒውተር ይህንኑ በቁጥር ያወጣዋል።

ከጣሊያን ዘመን ሥራ ቀጥሎ በ1950 ዓ.ም. ገደማ በአሜሪካ ድጋፍ የዓባይ ተፋሰስ ከአየር ተነሣ፤ ተፋሰስ ማለት ውኃው ሁሉ ወደ አንድ ወንዝ የሚወርድበት ምድር ነውና የበሽሎን ወንዝና የጉናን ወራጆች የሚያካትተው ይህ ሥራ እስቴን፣ ስማዳንና ጋይንትን በእጅጉ ይመለከታል። እንዲህ ያለውን ፎቶ ማንበብ ልምድ ይጠይቃል። በክብ ጥቁር ደን መካከል የምትታይ ነጭ ነጥብ ቤተ ክርስቲያን ናት፤ በበጋ ፎቶ በእርሻ ዳር የሚያበራው ትንሽ ክብ አውድማ ነው፤ ከገደል አፋፍ ወደ ላይ እንደ ጣት የተዘረጋው ነጭ መስመር ደግሞ አፈሩን ጠርጎ የወሰደ ቦረቦር ነው፤ በኋለኛው ፎቶ ከቤት አጠገብ ነጠብጣብ ሆኖ የሚታየውም ብዙ ጊዜ ባሕር ዛፍ ነው።

የዚህን ንባብ ጥቅም የጉማራ ወንዝ ያሳያል። ከጉና ተነሥቶ በፎገራ ሜዳ አልፎ ጣና የሚገባውን ይህን ወንዝ ያጠኑ ባለሙያዎች የ1950ውን ፎቶ ከኋለኛው የአየር ፎቶና ከሳተላይት ምስል ጋር በማነጻጸር መንገዱ የቱ ላይ እንደ ተለወጠና ሐይቁ ዳር ምን ያህል ደለል እንደ ከመረ ለክተዋል፤ በወንዝ መለኪያ ጣቢያው የታየውም የወንዙ ወለል ከ1950ዎቹ አጋማሽ እስከ 2000ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ወደ 3 ሜትር የሚጠጋ ከፍ ማለቱ ነው። ወለሉ ከፍ ባለ ቁጥር ወንዙ በክረምት ከአፉ ወጥቶ ሜዳውን ያጥለቀልቃል፤ ለዚህ አንዱ ምክንያት ከጉና ተዳፋት የሚታጠበው አፈር ነው።

ማኅደሩ በራሱ ሊሠራው የማይችለው አንድ ሥራ ይቀራል። ፎቶግራፍ አንሺው የውጭ ሰው ስለ ነበር፣ መለያው ላይ የሰፈረው የቦታ ስም ካለ በባዕድ ጆሮ የተሰማ ነው፤ የቀበሌው፣ የገበያው፣ የበሩና የወንዝ መሻገሪያው ስም በአብዛኛው የለም። የተገለበጡት ምስሎች በወረዳ ጽሕፈት ቤት ወይም በትምህርት ቤት ለአገር ሽማግሌዎች ቀርበው ደኑ የማን ደብር እንደ ነበረ፣ መንገዱ ከየት ወደ የት እንደሚያደርስ፣ ቦረቦሩ በማን ዘመን እንደ ተቀደደ ቢጠየቁ፣ መልሱ ከካርቶኑ ቁጥር ጎን የሚጻፍ ቋሚ መረጃ ይሆናል።