የደም ቧንቧ የሚሰፋበት ክር

መርካቶ ምናለሽ ተራ ተቆልሎ የሚሸጠው ነጭ ማዳበሪያ የተሸመነው ፖሊፕሮፒሊን ከሚባል ፕላስቲክ ነው። ይኸው ፕላስቲክ እንደ ፀጉር ቀጥኖ፣ በደም መሃል እንዲለይም ሰማያዊ ተነክሮ፣ በዓለም ዙሪያ የደም ቧንቧ ይሰፋበታል። ከመርካቶ ብዙም የማይርቀው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2015 የጀመረው የኩላሊት ንቅለ ተከላ እንዲህ ያለ ስፌት የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ የመጣው ኩላሊት ደም ወሳጅና ደም መላሽ ከታካሚው ቧንቧዎች ጋር ይጋጠማሉ።

የደም ቧንቧ ስፌት አባት የሚባለው ፈረንሳዊው አሌክሲስ ካረል ግን የሰፋው ቫዝሊን በተቀባ ሐር ነበር። የቧንቧውን ክብ አፍ በሦስት ክር ወጥሮ ሦስት ማዕዘን እያደረገ የሚሰፋበትን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1902 አሳተመ፤ በ1912 ኖቤል ተሸለመ። ሐር ሰውነት ውስጥ ሲቆይ ጉልበቱ ይከዳዋል። ሰው ሠራሽ ቧንቧ በሐር ከተገጠመላቸው ሕሙማን አንዳንዶቹ ከዓመታት በኋላ መጋጠሚያው እየላላ አብጦባቸዋል። ሥጋ ከሰው ሠራሽ ቧንቧ ጋር ሙሉ በሙሉ ስለማይዋሐድ፣ ሁለቱን ዕድሜ ልክ አንድ ላይ የሚይዛቸው ክሩ ብቻ ነው።

ሸማ ተራ ያለ ልብስ ሰፊ የተገመደ ክር ቢወድ አይፈረድበትም፤ ቋጠሮው አይንሸራተትም። ደም ቧንቧ ላይ ግን ግማዱ ግድግዳውን እየፋቀ ያልፋል፣ በመሃሉም ተሕዋስያን ይሸሸጉበታል። ፖሊፕሮፒሊን አንድ ለስላሳ ዘለላ ነው፤ ሐኪሙ ዙሪያውን ሰፍቶ ጫፉን ሲስብ ስፌቱ በሙሉ ይጠብቃል። ልስላሴው ዋጋ ያስከፍላል፦ ቋጠሮው እንዳይፈታ ስድስት ሰባት ጊዜ ይደጋገማል። በብረት መቆንጠጫ የተያዘ ክር ደግሞ እዚያው ቦታ ሊበጠስ ስለሚችል ረዳቱ በጣቱ ነው የሚይዘው።

ውፍረቱ በዜሮ ይቆጠራል፤ ዜሮው ሲበዛ ክሩ ይቀጥናል። ለትልቁ ደም ወሳጅ 3-0 ወይም 4-0፣ ለጭን 5-0፣ ለኩላሊት እጥበት የእጅ አንጓ ላይ ለሚጋጠሙት ቧንቧዎች 6-0 ወይም 7-0 ይመረጣል። መርፌው ክብና ሹል ነው እንጂ ስለት የለውም፤ ስለት ቧንቧውን ይቀደዋል። ከክሩ ስለሚወፍር ግን በቀዳዳው ደም ያዣል፤ ብዙውን ጊዜ በፋሻ ትንሽ ሲጫኑት ይቆማል። መርፌውን የሚያህል ውፍረት ያለው ጎርቴክስ የሚባል ክር ይህን ይቀንሳል፤ ዋጋው ግን ይወደዳል።

ሕፃናት ላይ ስሌቱ ይገለበጣል። የማይሟሟ ክር ዙሪያውን ከታሰረ ቧንቧው ሲያድግ ሊያንቀው ስለሚችል፣ ብዙ ሐኪሞች በወራት ውስጥ የሚሟሟውን፣ ፒዲኤስ የሚባለውን ክር ይመርጣሉ።