የቤት ለቤት እንክብካቤ ሠራተኞች ክፍያና የመንግሥት በጀት፤ የአሜሪካ ተሞክሮ

አቅመ ደካማ አረጋውያንንና አካል ጉዳተኞችን በየቤታቸው እየተገኙ የሚያጥቡ፣ የሚያለብሱና የሚመግቡ ሠራተኞች በአሜሪካ 4 ሚሊዮን ያህል ይሆናሉ። በዋሽንግተንና በአካባቢው በዚሁ ሥራ የሚተዳደሩ ኢትዮጵያውያንም ጥቂት አይደሉም። የአገሪቱ የሠራተኛ ስታትስቲክስ ቢሮ እ.ኤ.አ የ2024 መረጃ እንደሚያሳየው የእነዚህ ሠራተኞች መካከለኛ የሰዓት ክፍያ 16 ዶላር ከ78 ሳንቲም ሲሆን፣ በሁሉም የሥራ መስኮች ያለው መካከለኛ ክፍያ 23 ዶላር ከ80 ሳንቲም ነበር። (በዚህ ጽሑፍ አሜሪካን የሚመለከቱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተገለጹ ናቸው።)

የክፍያውን ዝቅተኛነት ምክንያት በገበያው ውስጥ ብቻ መፈለግ ያሳስታል፤ የአገልግሎቱ ዋነኛ ከፋይ መንግሥት ራሱ ነውና። ለረጅም ጊዜ እንክብካቤ ከሚወጣው ገንዘብ ትልቁን ድርሻ የሚሸፍነው ሜዲኬይድ የተባለው፣ ፌዴራል መንግሥቱና ግዛቶቹ በጋራ በጀት የሚመድቡለት የዝቅተኛ ገቢ ነዋሪዎች የጤና ዋስትና ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ግዛቱ ለአንድ ሰዓት አገልግሎት የሚከፍለውን ተመን ይወስናል። አገልግሎት ሰጪው ኤጀንሲ ከዚሁ ተመን ላይ ደመወዝ፣ ግብር፣ የጉዳት ዋስትና፣ ሥልጠናና የቢሮ ወጪ ይሸፍናል። ለምሳሌ ያህል ተመኑ 26 ዶላር ቢሆን ኤጀንሲው ለሠራተኛዋ 25 ዶላር ሊከፍል አይችልም። ልዩነቱን ተረጂው ከኪሱ እንዲጨምር ማድረግም በሕጉ የተከለከለ ነው። በመሆኑም ተመኑ ለዓመታት ሳይከለስ ሲቀር ደመወዙም ባለበት ይቆማል። የሠራተኛዋን ኑሮ የሚወስነው በግዛቱ በጀት ሠንጠረዥ ላይ የሰፈረ አንድ ቁጥር ነው ማለት ይቻላል።

በጀቱም ከመነሻው ሚዛኑን የሳተ ነበር። ሜዲኬይድ በ1965 ሲቋቋም ግዛቶች የመንከባከቢያ ተቋማትን ወጪ እንዲሸፍኑ ሕጉ ሲያስገድድ፣ በቤት የሚሰጠው የዕለት ተዕለት እንክብካቤ ግን በፈቃዳቸው ላይ የተመሠረተ ሆነ። በ1981 የወጣው ሕግ ግዛቶች ልዩ ፈቃድ እየጠየቁ ገንዘቡን ለቤት ውስጥ እንክብካቤ እንዲያውሉ መንገድ ከፈተ። ሆኖም የተጠቃሚውን ቁጥር እንዲገድቡ ስለፈቀደላቸው በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወረፋ ጠባቂ ሆነዋል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1999 በኦልምስቴድ ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ አካል ጉዳተኛን ያለበቂ ምክንያት በተቋም ማቆየት አድልዎ መሆኑን አረጋገጠ። ከ2013 ወዲህም ከሜዲኬይድ የረጅም ጊዜ እንክብካቤ ወጪ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በቤትና በማኅበረሰብ ውስጥ ለሚሰጥ አገልግሎት ይውላል።

የሠራተኛ ሕጉ ጥበቃ ግን ዘግይቶ መጥቷል። የደመወዝ ወለልን የሚደነግገው ሕግ በ1974 የቤት ሠራተኞችን እንዲያካትት ሲሻሻል፣ አረጋውያንንና ሕሙማንን አብረው ሆነው የሚያግዙ ሰዎች ከወሰኑ ውጪ ተደረጉ። ታሳቢ የተደረገችው አልፎ አልፎ አዛውንት የምታጫውት ጎረቤት ነበረች፤ በተግባር ግን ሙሉ ጊዜዋን ተቀጥራ የምትሠራውንም ጭምር ከመብቷ አስቀረ። በኒው ዮርክ በዚህ ሥራ ያገለገሉት ኤቭሊን ኮክ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጠይቀው ጉዳያቸው እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቢደርስም በ2007 በሙሉ ድምፅ ተፈረደባቸው። ደንቡ የተለወጠው በ2013 ሲሆን ሥራ ላይ የዋለው በ2015 ነው። ወይዘሮ ኮክ ግን በ2009 አርፈዋል። በአገራችንም የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለትርፍ ያልሆነን የግል አገልግሎት ቅጥር ከተፈጻሚነት ወሰኑ አውጥቶ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንዲወሰን መተዉ፣ ጉዳዩ የአሜሪካ ብቻ አለመሆኑን ያመለክታል።

ሌላው እንቅፋት አሠሪው ማን እንደሆነ አለመለየቱ ነበር። በካሊፎርኒያ ሠራተኛዋን የሚመርጠው ተረጂው፣ የሥራ ሰዓቷን የሚወስነው የአካባቢው አስተዳደር፣ ደመወዟን የሚልከው ደግሞ ግዛቱ በመሆኑ ለመደራደር የሚቀርብ አካል ጠፋ። መፍትሔ የሆነው በየአካባቢው ለድርድር ሲባል እንደ አሠሪ የሚቆጠር መንግሥታዊ ተቋም በሕግ ማቋቋም ነው። ከዚህም በኋላ በ1999 በሎስ አንጀለስ 74 ሺህ ያህል ሠራተኞች በአንድ ጊዜ በማኅበር ለመወከል በቅተዋል።

ፕሬዚዳንት ጆ ባይደን በ2021 ለዘርፉ 400 ቢሊዮን ዶላር እንዲመደብ ሐሳብ አቅርበው ነበር። የተወካዮች ምክር ቤት ገንዘቡን ወደ 150 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ዝቅ አድርጎ ቢያጸድቀውም በሴኔቱ ሳያልፍ ቀርቷል። በ2024 የወጣው ደንብ ደግሞ ለተወሰኑ የቤት ውስጥ አገልግሎቶች ከሚከፈለው የሜዲኬይድ ገንዘብ ቢያንስ 80 በመቶው ለሠራተኞች ክፍያ እንዲውል አዟል፤ ለዚህም የ6 ዓመት መዘጋጃ ጊዜ ሰጥቷል። ኤጀንሲዎች ቀሪው 20 በመቶ ለሥልጠናና ለቁጥጥር አይበቃም ሲሉ ተቃውመዋል። አቤቱታው ፈጽሞ መሠረተ ቢስ አይደለም፤ ተመኑ ካላደገ የዝቅተኛው ተመን 80 በመቶም ያው ዝቅተኛ ነውና።

በጁላይ 2025 የጸደቀው የበጀት ሕግ ፌዴራል መንግሥቱ ለሜዲኬይድ የሚያወጣውን ገንዘብ በ10 ዓመታት ውስጥ በመቶ ቢሊዮኖች በሚቆጠር ዶላር የሚቀንስ ነው። ግዛቶች በሕግ ያልተገደዱበት የቤት ውስጥ እንክብካቤ ለቅነሳው ይበልጥ የተጋለጠ ይሆናል። በዚያው ወር የአገሪቱ የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በ2015 ሥራ ላይ የዋለውን የደመወዝ ወለልና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ደንብ ለመሻር የሚያስችል ረቂቅ ለሕዝብ አስተያየት አቅርቧል።