ድግሱ ይራዘም፣ አደራው ግን አይራዘም

እስቲ ስልክዎን ያውጡና ቴሌግራምዎን ይመልከቱ። «የ2006 ባች»፣ «የዶርም ልጆች» ወይም ይህን የመሰለ ስም ያለው ግሩፕ አያጡም። ዓመቱን ሙሉ የልደት ምኞትና የለቅሶ መርዶ ሲለጠፍበት ይከርምና አንድ ቀን ከመካከላችሁ አንዱ «ልጆች፣ አሥር ዓመት ሊሞላን ነው እኮ! ለምን አንገናኝም?» ይላል። ከዚያ በኋላ ስልኩ አያርፍም። ኮሚቴ ይመረጣል፣ አዳራሽ ይጠየቃል፣ የቲሸርት ቀለም ያጨቃጭቃል። «እንዲሁ በልተን ጠጥተን ከምንለያይ ለተቸገሩ ተማሪዎች የሆነ ነገር እናድርግ» የሚል ደግ ሰውም አይጠፋም።

እኛም እንዲሁ ነው የጀመርነው። በ2006 ዓ.ም ከስድስት ኪሎ በቢዝነስ ተመርቀን የወጣን ልጆች ነን። እኔ ዛሬም ከግቢው ብዙ አልራቅኩም፤ ቤቴ ጉለሌ፣ ሽሮ ሜዳ ነው። የማርኬቲንግ ባለሙያ ስለሆንኩና ዝግጅት ማሰናዳት እንጀራዬ ስለሆነ ኮሚቴው ውስጥ የእኔ ስም ቀድሞ ተጻፈ። ዕቅዱ ቀላል ነበር፦ በ2016 ዓ.ም የገና ሰሞን፣ ከውጭ የሚመጡት ጓደኞቻችን ሳይመለሱ፣ አንድ ቅዳሜ ምሽት እራት እንበላለን። ከትኬቱ የሚተርፈው ገንዘብ ደግሞ ቤተሰቦቻቸው መላክ ላቃታቸው አራት ተማሪዎች የዓመት ወጪ ይሆናል።

ነገር ግን ከሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም ጀምሮ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ተቋረጠ። ባሕር ዳር፣ ጎንደርና ደብረ ማርቆስ ያሉት የባቻችን ልጆች ከግሩፑ ድምፃቸው ጠፋ። በስልክ ያገኘነው አንዱ «እኔ ከቤት ለመውጣት እያሰብኩ ነው፣ እናንተ ስለ ዲጄ ታወራላችሁ?» አለን። አፈርን። እራቱን አራዘምነው።

ማራዘማችን ትክክል ነበር። የተሳሳትነው ሌላ ቦታ ነው፤ እራቱን ስናራዝም እርዳታውንም አብረን አራዘምነው። ገንዘቡ ከትኬት ትርፍ ይመጣል ብለን ነበርና ትኬት ከሌለ ገንዘብ የለም። ሚያዝያ ላይ ስለ ተማሪዎቹ ስናጠያይቅ ከአራቱ አንዷ ዊዝድሮው ሞልታ ወደ ቤተሰቧ ሄዳለች። እስከ ዓመቱ መጨረሻ ያስፈልጋት የነበረው ገንዘብ እኛ ለአዳራሹ ከከፈልነው ቀብድ ያነሰ ነበር።

ይህን የምነግርዎ እርስዎም ነገ ከነገ ወዲያ ኮሚቴ ውስጥ መግባትዎ ስለማይቀር ነው።

እድር ሰው ሲሞት አይዋጣም

መልሱ ከደጃችን አልራቀም። እድር ሰው ከሞተ በኋላ ሰብሰብ ብሎ «ስንት እናዋጣ?» አይልም። በደህናው ጊዜ በየወሩ ይሰበስባል፤ ክፉ ቀን ሲመጣ ገንዘቡም፣ ድንኳኑም፣ ወንበሩም፣ ድስቱም ዝግጁ ነው። ወላጆቻችን ይህን ሥርዓት ሲሠሩ ችግር ቀጠሮ እንደማይሰጥ ያውቁ ነበር። ቢዝነስ ተምረን የወጣነው እኛ ግን እርዳታውን በአንዲት ቅዳሜ ምሽት ላይ ሰቀልነው።

ስለዚህ የመጀመሪያውና ዋናው ምክሬ ይኸው ነው፦ መዋጮውንና ድግሱን ይለያዩ። መዋጮው ከዛሬ ጀምሮ በየወሩ፣ በትንሽ በትንሹ ይሰብሰብ። ድግሱ ሲሳካ ለመዋጮው ተጨማሪ በረከት ይሁን እንጂ ምንጩ አይሁን። አንድ ሰው በየወሩ ከሁለት ማኪያቶ ዋጋ የማይበልጥ ቢያወጣ እንኳ ሃምሳ ሰዎች ሲሆኑ የአንድ ተማሪ ወጪ ይሸፈናል።

ይህ ጉዳይ ወደፊት ይበልጥ እንጂ አያንስም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2015 ዓ.ም በአገራችን የመጀመሪያው ራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ራስ ገዝ መሆን ከመንግሥት በጀት ባሻገር የራስን ገቢ መፈለግንም ይጠይቃል። ተቋማት ወደ ምሩቃኖቻቸው ፊታቸውን የሚያዞሩበት ጊዜ መጥቷል ማለት ነው።

መስተጓጎል አዲስ ነገር አይደለም

«ሁኔታው ይረጋጋና እናደርገዋለን» የሚለውን ቃል ስንቴ ሰምተዋል? የስድስት ኪሎን ታሪክ ያየ ሰው ግን ሙሉ በሙሉ የተረጋጋ ዓመት መጠበቅ እንደማያዋጣ ይገነዘባል። በ1943 ዓ.ም ትምህርት የጀመረው ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ካደገና ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥትን ግቢው ካደረገ በኋላ፣ በ1967 ዓ.ም የእድገት በኅብረት ዘመቻ ተማሪዎቹን ወደ ገጠር ይዟቸው ሄደ። ከልጅ ልጆቻቸው ጋር የሚኖሩ የዚያ ዘመን ተማሪዎች ዛሬም የትምህርት ዘመናቸውን ሲቆጥሩ «ከዘመቻ በፊት» እና «ከዘመቻ በኋላ» ይላሉ።

የእኛ ዘመንም የራሱ አለው። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአገራችን መገኘቱ ተነገረ፤ ከሦስት ቀን በኋላ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። መጋቢት 30 ደግሞ የአምስት ወር የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። በዚያው ዓመት ከሰኔ 23 ጀምሮ ኢንተርኔት በመላው አገሪቱ ለሳምንታት ጠፋ።

ግን በዚያ ዓመት ሁሉም ነገር ቆመ? አልቆመም። የፒያሳው አትክልት ተራ ተነስቶ ጃንሜዳ ሄደ፤ ቦታው ተቀየረ እንጂ ቲማቲሙ መሸጡን አላቋረጠም። በየዓመቱ ኅዳር ላይ የምንሮጠው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያም ወደ ጥር 2 ቀን 2013 ዓ.ም ተሸጋግሮ፣ ከወትሮው ባነሰ ሰው ተካሄደ። ከሁለቱም የምንማረው አለ። ቦታ ሊቀየር፣ ቁጥር ሊቀነስ፣ ቀን ሊገፋ ይችላል፤ ዋናው ሥራ ግን ይቀጥላል።

ኮሚቴ ውስጥ ሲገቡ

ሁለት ቀን ይያዙ። «ወደፊት ይገለጻል» ብሎ ማራዘም መሰረዝ ማለት ነው። ከመጀመሪያው አንድ ዋና ቀንና ከሁለት ወይም ከሦስት ወር በኋላ አንድ ተለዋጭ ቀን ይምረጡ። ከዋናው ቀን ሦስት ሳምንት አስቀድሞም «ይካሄድ ወይስ ይሸጋገር?» ብላችሁ የምትወስኑበትን ቀን ቁረጡ። በእኛ ሰፈር ከሆነ ደግሞ ጥር 10 እና 11 ጃንሜዳ የጥምቀት፣ የካቲት 12 ደግሞ ስድስት ኪሎ የሰማዕታት መታሰቢያ መሆኑን አይርሱ፤ መንገዱ ይዘጋል። ጾም ከሆነ ምግቡ፣ ፈተና ከሆነ ተማሪዎቹ እንዳይቸገሩ ያስቡ።

ቀብዱን በጽሑፍ ያስሩ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ በስተቀር ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢተው ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። «ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ» የምትለዋን ይያዟት። ውሉ ላይ «ዝግጅቱ ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት ቢሸጋገር ቀብዱ ለተለዋጩ ቀን ይያዛል» የሚል አንድ መስመር ያስጽፉ። እኛ ይህችን መስመር ባለማስጻፋችን ቀብዳችንን አጣን።

ዋጋ እንደሚቀየር አስበው ያቅዱ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ገበያው ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዚያ ሰሞን ዝግጅት የነበረው ሰው ሁሉ ያስታውሰዋል። ከውጭ የሚገባ ነገር ካለ አስቀድመው ይግዙ፤ የምግቡን ዋጋ በሰው አስልተው ውሉ ላይ ያስፍሩ፤ ለድንገተኛ ወጪ የሚሆን ገንዘብም ለብቻው ያስቀምጡ። የቲሸርቱና የኬኩ ወጪ ከተማሪዎቹ መዋጮ እንዳይነካ ሒሳቦቹ ፈጽሞ አይቀላቀሉ።

ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ መንገድ ይኑራችሁ። የሁሉንም ሰው ስልክ ቁጥር ወረቀት ላይ ይጻፉ። ለእያንዳንዱ የኮሚቴ አባል አሥር ሰው ያከፋፍሉ፤ ኢንተርኔት ቢጠፋ እያንዳንዱ ለአሥሩ ይደውላል ወይም መልእክት ይልካል። ለመዋጮም እንዲሁ ነው። ቴሌብር ያለ ኢንተርኔት *127# ተብሎ ይሠራል። ባሕር ዳር ያለው ጓደኛችን ለወራት አንዲት ፎቶ ማየት ሳይችል በዚህ መንገድ መዋጮውን አንድም ወር አላስተጓጎለም።

ገንዘቡን ለአንድ ሰው አይስጡ። አደራ ወዳጅን ከወዳጅ ያጣላል። ቢያንስ በሦስት ሰው ጣምራ ፊርማ የሚንቀሳቀስ ሒሳብ ይክፈቱ፤ በየወሩ ምን ገባ፣ ምን ወጣ የሚለውን ግሩፑ ላይ ይለጥፉ። ከጓደኞቻችሁ አልፋችሁ ከሕዝብ ለመሰብሰብ ካሰባችሁ ደግሞ በራሳችሁ ስም አትጀምሩት፤ ከተመዘገበ ድርጅት ወይም ከተቋሙ ጋር ተነጋግራችሁ ሥሩት። የምትረዷቸውን ተማሪዎች ስምና ፎቶም አትለጥፉ። የተቸገረ ሰው እርዳታ እንጂ አደባባይ አያስፈልገውም።

ሐዘን ላይ ያለውን ያድምጡ። በክፉ ጊዜ መሰባሰብ ነውር አይደለም፤ ለቅሶ ቤትም እኮ እንሰባሰባለን። ነውሩ የሌላውን ሐዘን አላየሁም ማለት ነው። ከመወሰናችሁ በፊት ችግሩ ወዳለበት አካባቢ ላሉት ይደውሉና «ብናደርገው ምን ይሰማችኋል?» ብለው ይጠይቁ። ምሽቱ ወደ ምሳ፣ ዲጄው ወደ ጨዋታ፣ ሆቴሉ ወደ ግቢ ሊቀየር ይችላል። አዳራሽ ከጠፋም ከበላያችን እንጦጦ ፓርክ፣ ከጎናችን የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል አለ፤ ልጆቻችሁን ይዛችሁ መሄድም ትችላላችሁ።

በመጨረሻ እንዴት ሆነ?

ተገናኘን። ጥቅምት 2017 ዓ.ም፣ ሽሮ ሜዳ፣ በአንዲት የባቻችን ልጅ ወላጆች ግቢ ውስጥ። ድንኳኑንና ወንበሩን የሰጠን የሰፈሩ እድር ነው። እናቷ ድንኳኑ ሲተከል አይተው «ጎረቤት ለቅሶ መስሎት እንዳይደነግጥ ሙዚቃውን ቶሎ ክፈቱት» ብለው አሳቁን። ዶሮ ወጡን ራሳችን ሠራነው፤ ልጆቻችን በግቢው ሲሯሯጡ ዋሉ። ከባሕር ዳር ሁለት ጓደኞቻችን በአውሮፕላን መጡ። ያን ቀን ማንም መዋጮ አልተጠየቀም፤ መዋጮው ከግንቦት ጀምሮ በየወሩ እየገባ፣ ሦስቱ ተማሪዎችም በየወሩ እየተቀበሉ ነበር።

ያቋረጠችውን ልጅ አፈላልገን በስልክ አገኘናት። ሪአድሚሽን ሞልታ ተመልሳለች፤ አሁን አራተኛዋ እሷ ናት። ምሳው ላይ ጋብዘናት ነበር፤ ፈተና አለብኝ አለች። አንድ ዓመት ግን ከዕድሜዋ ላይ ሄዷል፤ ያንን ዓመት በየትኛውም ድግስ አንመልስላትም።

ስለዚህ ቀኑ ገና ካልተቆረጠ፣ አዳራሹም ካልተገኘ አይጨነቁ። ዛሬ ማታ ግሩፑን ይክፈቱና አንድ ጥያቄ ብቻ ይጻፉ፦ «ከዚህ ወር ጀምሮ በየወሩ ስንት እናዋጣ?»