ለትጉህ ፖሊስ የአርበኞች ምስክርነት



በግእዝ ቋንቋ «ዐስብ» ማለት የድካም ዋጋ ማለት ነው። ዛሬ ጭሮ የምትባለው የምዕራብ ሐረርጌ ዋና ከተማ የቀድሞ ስሟ «ዐስበ ተፈሪ» ተብሎ ሲጻፍ ፍችው «የተፈሪ ዋጋ» ይሆናል። ከተማዪቱን ያቋቋሟት የጨርጨር ገዥ የነበሩትና በ1923 ዓ.ም. የወጣውን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። ስለዚህ የትጉህ ፖሊስ ዋጋው በምን ይከፈላል የሚለውን ጥያቄ ከዚህችው ከተማ ብንጀምር ተገቢ ነው።

ፖሊስ ለሥራው ደመወዝ፣ ለአገልግሎቱ ማዕርግ ይሰጠዋል። ሁለቱም ከመሥሪያ ቤቱ የሚመጡ ናቸው። ነገር ግን አለቃ የሚያየው በመዝገብ የሰፈረውን ነው፤ የታሰረ ሰው ይቈጠራል፣ ሳይነሣ የቀረ ጠብ ግን አይቈጠርም። ከሚኤሶ ወደ ጭሮ በሚወጣው መንገድ የሚከንፈውን የጫት መኪና አስቁሞ ሾፌሩን በትዕግሥት የመከረ፣ በሂርና ወይም በገለምሶ ገበያ የተጋጩትን ሰዎች ወደ ሽማግሌ የመራ ፖሊስ ሥራውን የሚያውቁለት ያዩት ብቻ ናቸው። ስለዚህ ሦስተኛ ዋጋ ያስፈልገዋል፤ ይኸውም ምስክርነት ነው።

በአሜሪካ አገር ይህን ምስክርነት ከሚሰጡት አንዱ የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር ነው። «አሜሪካን ሌጅን» የሚባለው ይህ ማኅበር ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1911 ዓ.ም. ተቋቋመ። በየከተማው ያለው ቅርንጫፍ አንድ ፖሊስ ያቀርባል፤ ከቀረቡት መካከል እያንዳንዱ ግዛት አንዱን ይመርጣል፤ በመጨረሻም ለአገሪቱ በሙሉ አንድ ሰው ይሸለማል። መመዘኛው ከታዘዘው ሥራ አልፎ ሕዝብን ማገልገሉ ነው።

ዳኝነቱ ለቀድሞ ወታደር የሚሰጠው ለምንድን ነው? በመጀመሪያ፣ ወታደር የነበረ ሰው መሣሪያ ይዞ መታገሥ ከመተኰስ የሚከብድበት ሰዓት እንዳለ ያውቃል። ሁለተኛም፣ በጡረታ ያለ ሰው ከፖሊሱ የሚፈልገው፣ ፖሊሱም ከእርሱ የሚጠብቀው ሹመት የለም።

በአገራችን የጥንታዊት ኢትዮጵያ ጀግኖች አርበኞች ማኅበር በየዓመቱ ሚያዝያ 27 ቀን የድልን በዓል ያከብራል። ፖሊስ ሠራዊታችንም ከዚያ ድል በኋላ በ1934 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ የተደራጀ ነው። የሁለቱ ታሪክ እንዲህ የተቀራረበ ስለ ሆነ፣ በጭሮ፣ በበዴሳና በሌሎቹ ከተሞች በጡረታ ያሉ የቀድሞ ወታደሮች በዚሁ በዓል ትጉህ ፖሊስን አቁመው ቢያመሰግኑ መልካም ልማድ ይሆናል።

ይሁን እንጂ ጥንቃቄ ያሻል። ሽልማቱ በእስረኛ ብዛት የተለካ እንደ ሆነ ንጹሑን ሰው ለእስር ይዳርጋል፤ በወዳጅነት የተሰጠ እንደ ሆነም የሚገባው ሰው ሲሸለም እንኳ ሕዝብ አያምነውም። ስለዚህ ምስክሮቹ በዐይናቸው ያዩ ይሁኑ፤ ሴት ነጋዴዋም፣ ሾፌሩም፣ ተይዞ የተለቀቀውም ሰው ይጠየቅ። «እጁ ገብተህ ሳለ እንዴት ያዘህ?» ከሚለው ጥያቄ የበለጠ መመዘኛ አይገኝም።

እናንተም የመንግሥት ሠራተኞች በዚህ ድርሻ አላችሁ። ለክስ የሚጻፍ ማመልከቻ በየቀኑ ጠረጴዛችሁ ላይ ይደርሳል፤ ለምስጋና የሚጻፈው ግን ጥቂት ነው። መልካም ሥራ ስታዩ ቀኑንና ቦታውን ጠቅሳችሁ በአንድ ገጽ ጻፉ፤ ግልባጩም በፖሊሱ የግል ማኅደር ይቀመጥ። የሽልማቱ መነሻ ይህች አንዲት ገጽ ናት።