ምዕራፍ አራት፦ ቀጣሪው ሲበተን የማይበተን ውል

ሆሊውድ ውስጥ አንድ ፊልም ሲሠራ ብዙውን ጊዜ ለዚያ ፊልም ብቻ የሚያገለግል ኩባንያ ይቋቋማል። ቀረጻው ሲያልቅ ባለሙያዎቹ ይሰናበታሉ፤ ሒሳቡ ሲዘጋ የኩባንያውም ሥራ ያበቃል። መብራት የሚተክለው፣ ካሜራው የሚንሸራተትበትን ሐዲድ የሚዘረጋው፣ ተዋናዩን የምታለብሰውና የምትኳኩለው ሁሉ በዓመት ውስጥ ሦስት አራት ቀጣሪ ሊቀያይሩ ይችላሉ። ታዲያ ቀጣሪው ከጥቂት ወራት በኋላ የማይኖር ሠራተኛ ስለ ደመወዙ፣ ስለ ሕክምናውና ስለ ጡረታው ከማን ጋር ይደራደራል?

የአሜሪካ የፊልም ሠራተኞች ያገኙት መልስ ውሉን ከድርጅቱ አላቅቆ ከሙያው ጋር ማሰር ነው። ይህ ምዕራፍ የዚያን ውል አሠራር፣ በተለይም በ2021 እና በ2024 የተደረጉትን ሁለት ድርድሮች ያስረዳል። ከአዋጅ ቁጥር በቀር ዓመታቱም ቀኖቹም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማን ከማን ጋር ይደራደራል?

በሠራተኛው ወገን የሚቀመጠው በምሕጻሩ «አያትሲ» የሚባለው ዓለም አቀፍ የመድረክና የፊልም ሠራተኞች ኅብረት ነው። በ1893 ኒው ዮርክ ላይ ሲመሠረት አባላቱ የቴአትር ቤት የመድረክ ሠራተኞች ነበሩ፤ ሲኒማ ገና አልተስፋፋም። ኅብረቱ «ሎካል» በሚባሉ የሙያ ማኅበራት የተደራጀ ነው። ለምሳሌ ሎካል 600 የካሜራ ባለሙያዎች፣ ሎካል 700 የኤዲተሮች፣ ሎካል 728 የመብራት ሠራተኞች፣ ሎካል 706 የሜካፕና የፀጉር ባለሙያዎች ማኅበር ነው።

በአሠሪው ወገን ደግሞ በ1982 የተመሠረተው የፊልምና የቴሌቪዥን ፕሮዲዩሰሮች ኅብረት አለ። ዲዝኒ፣ ዋርነር፣ ዩኒቨርሳል፣ ኔትፍሊክስና ሌሎችም ገበያ ላይ ይፎካከራሉ፤ ለድርድር ግን አንድ ሆነው ይቀርባሉ። ስምምነቱ ሲፈረም ለአንድ ፊልም የተቋቋመው ኩባንያም ፈርሞ ይገባበታል። በዚህ መንገድ መብራት ሠራተኛው ዛሬ ለአንዱ፣ ነገ ለሌላው ቢሠራም ዝቅተኛው ክፍያና የዕረፍቱ ደንብ አይለወጥበትም።

ዋናዎቹ ውሎች ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው በሎስ አንጀለስ ዙሪያ ያሉትን 13 ሎካሎች የሚያቅፈው መሠረታዊ ስምምነት ሲሆን፣ ሁለተኛው እንደ ጆርጂያና ኒው ሜክሲኮ ባሉ ግዛቶች የሚሠራው የአካባቢዎች ስምምነት ነው። በ2021 ሁለቱ በአንድነት ወደ 60,000 ሠራተኞች ይሸፍኑ ነበር። ውሎቹ በየሦስት ዓመቱ ይታደሳሉ።

ሕክምና በሰዓት ሲቆጠር

የጤና መድንና የጡረታ ፈንዱ እንደ እድር ነው ማለት ይቻላል፤ አባሉ የትም ይሥራ የት መዋጮው ከአንድ ሣጥን ይገባል። እዚህ ግን ሠራተኛው በሠራው በእያንዳንዱ ሰዓት ልክ አሠሪውም ያዋጣል። አንድ ባለሙያ የጤና መድን ለመጀመሪያ ጊዜ እንዲያገኝ በስድስት ወር ውስጥ 600 ሰዓት፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ መድኑ እንዲቀጥልለት በየስድስት ወሩ 400 ሰዓት መሥራት ይጠበቅበታል።

ይህን ያልተረዳ ሰው የፊልም ሠራተኛውን ሥጋት አይረዳውም። ሥራ ሲጠፋ የሚቀረው ደመወዝ ብቻ አይደለም፤ የልጁ ሐኪምም አብሮ ይቀራል። ሥራ ሲገኝም ቀኑ የቱንም ያህል ቢረዝም እምቢ ማለት ይከብዳል።

እንቅልፍ የድርድር ነጥብ ሲሆን

በ1997 «ፕለዘንትቪል» የተባለው ፊልም ሲቀረጽ አንድ ረዳት ካሜራማን ለ19 ሰዓታት ሠርቶ ወደ ቤቱ ሲነዳ መሪ ላይ እንቅልፍ ጥሎት ሕይወቱ አለፈ። ሁለት ጊዜ የኦስካር ተሸላሚ የሆነው ሲኒማቶግራፈር ሃስኬል ዌክስለር የሥራ ሰዓት እንዲገደብ ለዓመታት ሞገተ፤ በ2006ም «ሁ ኒድስ ስሊፕ» የተሰኘ ዘጋቢ ፊልም ሠራ። ጥያቄው ግን የድርድሩ ዋና አጀንዳ ለመሆን እስከ 2021 ጠበቀ።

ችግሩን በሒሳብ እንየው። ሰኞ ቀረጻ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተጀመረ፤ በየቀኑ 15 ሰዓት ይሠራል፤ ከዚያ የ10 ሰዓት ዕረፍት አለ እንበል። ድምሩ 25 ሰዓት ነው። ቀኑ ያለው 24 ብቻ ስለሆነ የሥራ መጀመሪያው በየቀኑ በአንድ ሰዓት ይገፋል። ዓርብ የሚጀመረው ከረፋዱ 5 ሰዓት ይሆንና የሚያበቃው ቅዳሜ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። የቅዳሜ ቀን ለእንቅልፍ ይሄዳል፤ ሰኞ ማለዳ እንደገና ጥሪ አለ።

የሠራተኞቹ ጥያቄ እንግዲህ ሁለት ዕረፍቶችን የሚመለከት ነበር። አንዱ በሁለት የሥራ ቀኖች መካከል ቢያንስ 10 ሰዓት፣ ሌላው አምስት ቀን ከተሠራ በኋላ የ54 ሰዓት የሳምንት መጨረሻ ዕረፍት ነው። ከላይ ባለው ምሳሌ ቅዳሜ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ 54 ሰዓት ሲደመር ሰኞ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ይሆናል። ከዚያ በፊት ጥሪ የለም ማለት ነው።

ሌላው ቅሬታ ከኦንላይን ሥርጭት ጋር የተያያዘ ነበር። በ2009 ይህ ገበያ ገና ጀማሪ ስለነበር ለስቱዲዮዎቹ የላላ ደንብ ተፈቅዶላቸዋል። ከአሥር ዓመት በኋላ ገበያው ግዙፍ ቢሆንም አንዳንድ ሥራዎች በዚያው ዝቅተኛ ክፍያ ቀጥለው ነበር።

ድምፁ እንዴት ይቆጠራል?

በጥቅምት 2021 መጀመሪያ ላይ ከመራጮቹ ከ98 በመቶ በላይ የሚሆኑት የሥራ ማቆም አድማ እንዲፈቀድ ድምፅ ሰጡ። ይህ ድምፅ በራሱ አድማ አይደለም፤ የኅብረቱ ፕሬዚዳንት ማቲው ሎብ አድማ የመጥራት ሥልጣን እንዲኖራቸው የሚያደርግ ነው። አድማው ለጥቅምት 18 ተቀጠረ። ሊጀመር ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ጥቅምት 16 ላይ፣ ሁለቱ ወገኖች ተስማሙ። የ10 ሰዓትና የ54 ሰዓት ዕረፍቶች፣ በየዓመቱም የ3 በመቶ ጭማሪ ውሉ ውስጥ ገቡ።

በአምስተኛው ቀን ኒው ሜክሲኮ ውስጥ «ረስት» በተባለ ፊልም ቀረጻ ላይ እውነተኛ ጥይት የነበረበት ሽጉጥ ተተኩሶ ሲኒማቶግራፈሯ ሃሊና ሃቺንስ ተገደለች። በዚያው ዕለት ጠዋት በርካታ የካሜራ ክፍል አባላት የሥራ ሁኔታውን ተቃውመው ቀረጻውን ጥለው ወጥተው ነበር። አባላቱ ውሉን ለማጽደቅ ሲመርጡ ይህ ሐዘን ከፊታቸው ነበር።

ውጤቱ ለየት ያለ ነበር። በመሠረታዊው ስምምነት ላይ ከመረጡት አባላት ለጥቂት የሚበልጡት፣ 50.4 በመቶ፣ ውሉን ተቃወሙ፤ ውሉ ግን ጸደቀ። ምክንያቱም ቆጠራው እንደ አሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ በውክልና ነው። እያንዳንዱ ሎካል በአባላቱ ብዛት ልክ ወኪሎች አሉት፤ በሎካሉ ውስጥ ያሸነፈው ወገን የወኪሎቹን ድምፅ ጠቅልሎ ይወስዳል። በዚህ ስሌት 256 ለ188 ሆነ። ለሥልጣን ሰጪው ድምፅ አንድ ሆነው የቆሙት አባላት በስድስት ሳምንት ውስጥ እኩል ተከፈሉ፤ ብዙዎች ዕረፍቱ ከዚህም በላይ ሊሆን ይገባ ነበር ባዮች ነበሩ።

የ2024ቱ ውል

በ2023 ደራስያኑ ለ148 ቀናት፣ ተዋናዮቹ ለ118 ቀናት አድማ መቱ። መብራትና ካሜራ ሠራተኛው አድማ አልመታም፤ ቀረጻ ግን ቆመ፤ የጤና መድን ሰዓቱም አልሞላ አለ። በ2024 ወደ ድርድር ሲቀርቡ ታዲያ ፈንዱን ማጠናከር ከጥያቄዎቹ ቀዳሚ ነበር። ስለ ጤናና ጡረታ ከሾፌሮቹና ከሌሎች የሙያ ማኅበራት ጋር አብረው ተደራደሩ፤ እንዲህ ያለ የጋራ ድርድር ከ1988 ወዲህ አልተደረገም ነበር።

የተገኘው ውል በሦስት ዓመት ውስጥ የ7፣ የ4 እና የ3.5 በመቶ ጭማሪ፣ ከኦንላይን ሥርጭት ወደ ፈንዱ የሚገባ አዲስ ገቢ፣ ከ15 ሰዓት በላይ ለተሠራ ሰዓት ሦስት እጥፍ ክፍያን ይዟል። ሦስት እጥፉ ሠራተኛውን ለማበልጸግ አይደለም፤ ረጅሙን ቀን ለአሠሪው ውድ ለማድረግ ነው። ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎትም ደንብ ገባ፤ ማንም ሠራተኛ ባልደረባውን ከሥራ የሚያፈናቅል ትእዛዝ ለመሣሪያው እንዲጽፍ አይገደድም። በዚህ ጊዜ 85.9 በመቶው መራጭ አጸደቀው።

ለአገራችን አንባቢ

በኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) መደበኛ ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም፤ ትርፍ ሰዓትም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ ተገድቧል። ይሁን እንጂ አዋጁ የሚጠብቀው ሠራተኛን ነው። በራሱ የሙያ ኃላፊነት ሥራ ተቀብሎ የሚሠራ ሰው በዚህ ጥላ ሥር አይገባም። ለአንድ ፊልም ወይም ለአንድ ድራማ ውል የሚፈርም ባለሙያ ከብሩ መጠን በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ። የምፈርመው እንደ ሠራተኛ ነው ወይስ እንደ ራሱን የቻለ ባለሙያ? በአንዱ ቀን ማብቂያና በሚቀጥለው ጥሪ መካከል ስንት ሰዓት አለ? ሰዓቱ ካለፈ አሠሪው ምን ይከፍላል? የሦስቱም መልስ በጽሑፍ ይሁን፤ ብቻውን መጠየቅ የሚከብደውም ከሙያ ጓደኞቹ ጋር ሆኖ ይጠይቅ።