ያውቁ ኖሯል? ቢጫ አበባዋ ሰስባኒያ ማዳበሪያዋን ከአየር ትወስዳለች

በአፍሪካ ወንዝ ዳርና ረግረግ ቦታ ማንም ሳይዘራት የምትበቅለው፣ ቢጫ አበባ ያላት ሰስባኒያ የአተርና የባቄላ ዘመድ እንደሆነች፣ በተስማማት ቦታም በስድስት ወር ከ4 እስከ 5 ሜትር ልትረዝም እንደምትችል ያውቁ ኖሯል? ጉልበቷ ያለው ከሥሯ ነው። ሥሯን ቆፈር አድርገው ቢያዩ ትናንሽ እባጮች ያገኛሉ፤ አንዱን በጥፍርዎ ሲሰነጥቁት ውስጡ ሮዝ ከሆነ፣ እዚያ ያሉት ባክቴሪያዎች የአየሩን ናይትሮጅን ወደ ተክሏ ምግብ እየለወጡ ነው ማለት ነው። ቅጠሏ ረግፎ ሲበሰብስም ይኸው ናይትሮጅን ወደ አፈሩ ይገባል።

ሰስባኒያ ለከብት መኖም ትሆናለች። እንደ ቦምቤ ባለ፣ መሬት በጠበበበት የወላይታ አካባቢ «ለሰው እህል ያልበቃ ማሳ ለመኖ ተክል እንዴት ይሰጣል?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ሰስባኒያ ግን ማሳ አትጠይቅም፤ የአጥር ጥግ፣ የእርከን ጫፍ ወይም ፀሐይ የሚያገኘው የእንሰት ጓሮ ዳር ይበቃታል። የዘሯ ቅርፊት ጠንካራ ስለሆነ ከመዝራትዎ በፊት ሙቅ ውሃ አፍስሰውበት ሌሊቱን ይዘፍዝፉት። ከ1 ሜትር በላይ ስታድግ ከመሬት ከ50 እስከ 75 ሴንቲ ሜትር አስቀርተው ይቁረጧት፤ በጣም ዝቅ ብሎ የተቆረጠ ግንድ ይደርቃል። ዕድሜዋ ጥቂት ዓመት ብቻ መሆኑ እውነት ነው፤ ዘር አብዝታ ስለምትሰጥ ግን መተካቷ አይከብድም። ደረቅ ቅጠሏ ከ20 በመቶ በላይ ፕሮቲን አለው። ለከብት፣ ለበግና ለፍየል ከሣር ወይም ከገለባ ጋር ቀላቅለው፣ ከጠቅላላው መኖ ከሲሶ ሳያስበልጡ ይስጡ፤ ለዶሮ ግን አይስጡ።