የጣናን ነጭ ዓሣ ለይቶ ማወቅ

ከንፋስ መውጫ ወደ ደብረ ታቦር የሚጓዝ ሰው የጉናን ተራራ ሳያይ አያልፍም፤ ከዚያ የሚነሡት ርብና ጉማራ ጣና ይገባሉ። የጣና አጥማጅ አምባዛንና ቀረሶን ለይቶ ሲያበቃ፥ የተረፈውን ትልልቅ ዓሣ «ነጭ ዓሣ» ይለዋል። እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1830ዎቹ ጀርመናዊው ሩፔል ልዩ ልዩ ዓይነት መሆኑን ጽፎ ነበር፤ ኋላ የመጡት ሊቃውንት ግን እንደ አንድ ቈጠሩት። በ1990ዎቹ የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች የአፉን ቅርጽና ምግቡን መርምረው 15 ዓይነት ለዩ። ስምንቱ ዓሣ በል ናቸው፤ የሚገርመው መንጋጋቸው ጥርስ የለውም፤ ያደኑትን የሚያደቁት በጕሮሯቸው ጥርስ ነው።

ከነዚህ በርከት ያሉት በክረምት ማብቂያ ወንዞቹን ሽቅብ ወጥተው ዕንቍላላቸውን በንጹሕ ጠጠር ላይ ይጥላሉ። መረቡ የሚጠብቃቸው ግን ገና ሳይጥሉ፥ ከወንዙ አፍ ላይ ነው። የትኛው ዓይነት እንደ ተያዘ ደግሞ ማን ይጠይቃል? በገበያው ሁሉም ነጭ ዓሣ ነው።